ሲሞቅ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን (ክላች)፦ ሞላ ከመግዛትህ በፊት

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «2008 ያማሃ አር6 ሞተር ሳይክል አለኝ። ታርጋ የለውም፣ ለእሽቅድምድም ትራክ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የምነዳው ዌስት ቨርጂኒያ ባለው የሰሚት ፖይንት ትራክ ላይ ነው። ጠዋት ምንም አይልም። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ በ4ኛ ማርሽ ቀጥታው ላይ ጋዙን ሙሉ ስከፍት አርፒኤሙ (የኢንጂኑ ዙር በደቂቃ) ከ11,000 ወደ 12,500 ይወጣል፣ ፍጥነቱ ግን አይከተልም። ፒት (ከትራኩ ወጥተን የምንቆምበት) ስገባ ደግሞ ኒውትራል አልገኝ ይለኛል፤ የፍሪሲዮኑን ሊቨር ይዤው እንኳ ወደ ፊት ይጎትታል። ካቦውን ትንሽ ሳጠብቀው ይስተካከላል። አምና የፍሪሲዮኑን ሸራ በሙሉ ቀይሬ ነበር፣ ብዙም ሳልነዳ ተመልሶ መጣ። ጠንካራ የፍሪሲዮን ሞላ ግዛ ያሉኝ አሉ። ልግዛ?»

ወንድሜ፣ ሞላውን አሁን አትግዛ። መልሱ ያለው አንተው በጻፍከው ውስጥ ነው፤ ያውም «ካቦውን ትንሽ ሳጠብቀው ይስተካከላል» ባልካት ዓረፍተ ነገር ውስጥ። ባልሳሳት ሸራህን እየበላው ያለው ይህ ማጥበቅ ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳህ፤ ምክንያቱም ምክንያቱን ሳታውቅ ዕቃ ብቻ ብትቀያይር በሚቀጥለው ክረምትም ይህንኑ ጥያቄ ትጠይቃለህ።

ምልክቶቹ ሁለት ናቸው፣ ደግሞም ተቃራኒ ናቸው። ቀጥታው ላይ አርፒኤሙ ወጥቶ ፍጥነቱ ሲቀር ፍሪሲዮኑ አልያዘም ማለት ነው። ፒት ውስጥ ሊቨሩን ይዘህ ሲጎትትህና ኒውትራል ስታጣ ደግሞ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ፍሪሲዮን አልይዝም ብሎ መልሶ አልለቅም ሲል ሁለት የተለያየ ብልሽት ያለ ይመስላል። ግን አንደኛው ሌላውን የወለደው ነው።

የአር6 ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ የሚሠራ ባለ ብዙ ዲስክ ነው። ሸራ የለበሱት ዲስኮች በጥርሳቸው ባስኬቱን (የውጩን ቅርጫት) ይይዛሉ፤ ባስኬቱን የሚያዞረው ክራንኩ (የኢንጂኑ ዋና ዘንግ) ነው። በመሃል በመሃላቸው የሚገቡት ብረት ዲስኮች ደግሞ የውስጡን ከበሮ ይይዛሉ፤ ከበሮው ካምቢዮውን ያዞራል። ሞላዎቹ መጫኛ ሰሌዳውን ተጭነው ይህን ሁሉ እሽግ አንድ ላይ ጨምቀው ይይዙታል። ሊቨሩን ስትስብ ሰሌዳው ይነሳና እሽጉ ይፈታል። የሚነሳው ግን 2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በሌላ በኩል የሊቨሩ ጫፍ ከ6 ሴንቲሜትር በላይ ይጓዛል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በል፦ እሽጉ ውስጥ የምትፈጠር የ0.1 ሚሊሜትር ለውጥ ሊቨሩ ጫፍ ላይ 3 ሚሊሜትር ሆና ትታያለች ማለት ነው።

አሁን አንተ የነገርከኝን ቀጥታ እናስብ። ፍሪሲዮኑ በደቂቃ 1,500 ዙር እየተንሸራተተ ነው፣ ኢንጂኑም በዚያ ሰዓት ወደ 60 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ይህ ሲሰላ እሽጉ ውስጥ ከ9 ኪሎዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል፤ ሁለት የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ አንድ ላይ ከሚሰጡት ይበልጣል። ይህ ሁሉ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ጥቂት ብረቶች ላይ ነው የሚያርፈው። ብረቶቹ ይሰፋሉ፣ አንዳንዶቹም ይቆለመማሉ። እሽጉ ይወፍራል፣ መጫኛ ሰሌዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ካቦው ይላላል። ሊቨሩን እስከ እጀታው ብትስበውም ግማሹ ጉዞ የላላውን ካቦ በማንሳት ያልቃል፤ ለሰሌዳው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ፒት ውስጥ የሚጎትትህ ለዚህ ነው።

አገር ቤት ሞተር የነዳን ሁላችን የለመድነው ነገር አለ፦ ሊቨሩ ላላ ሲል ወዲያው ማጥበቅ። አንተም ያደረግከው ይህንኑ ነው፤ ለዚያች ቅጽበትም ይሠራል። ነገር ግን ሞተሩ ድንኳን ሥር ቆሞ ሲቀዘቅዝ ብረቶቹ ወደ መጠናቸው ይመለሳሉ፣ እሽጉ ይሳሳል፣ መጫኛ ሰሌዳው ተከትሎ ሊጫን ሲል ግን ካቦው ይይዘዋል። ማንም ሳይነካው ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተሳበ ይቀራል። በሚቀጥለው መውጫህ ሞላው በሙሉ ኃይሉ አይጫንም፣ ቀጥታው ላይ ቀድሞ ይንሸራተታል፣ የበለጠ ይሞቃል፣ እንደገና ይላላል፣ እንደገና ታጠብቀዋለህ። አዲስ ሸራ ብታስገባም በዚሁ መንገድ ያልቃል። አምና የሆነውም ይህ ይመስለኛል።

የሸራው ማለቅም ነገሩን ወደዚያው አቅጣጫ ነው የሚገፋው። ብዙ ሰው ሸራ ሲያልቅ ሊቨሩ የሚላላ ይመስለዋል። በዚህ ዓይነት ፍሪሲዮን ላይ ግን ተቃራኒው ነው፦ ሸራው ሲሳሳ መጫኛ ሰሌዳው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ካቦውንም ይወጥረዋል፣ የሊቨሩ ባዶ ጉዞ ይቀንሳል። ካቦውን የሚያላላው የካቦው መለጠጥና ሙቀት ነው። ስለዚህ ሊቨሩ በራሱ ጊዜ እየጠበቀ ከመጣ ሸራው እያለቀ መሆኑን እየነገረህ ነው።

እንግዲህ ምንም ሳትፈታ የምትጀምረው ከዚህ ነው። ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሁሉም ነገር ቀዝቃዛ ሳለ ባዶ ጉዞውን ለካ፤ ማለትም ሊቨሩ ካቦውን መሳብ እስኪጀምር ጫፉ ስንት እንደሚሄድ። ያማሃ ለአር6 የሚሰጠው ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ነው። ለትራክ ሲሆን ወደ 15 የቀረበውን እመርጣለሁ፤ በትንሽ ባዶ ጉዞ የሚጠፋው ከሚገኘው ይበልጣልና። አጭር ሊቨር ገጥመህ ከሆነ (የትራክ ሞተር ላይ ብዙዎች ይገጥማሉ) መለኪያውን በአጭሩ ጫፍ ላይ አታድርግ፤ የፋብሪካው ሊቨር ጫፍ ይደርስ የነበረበትን ቦታ ገምተህ እዚያ ላይ አስላ። አለበለዚያ አጭሩ ጫፍ ላይ 12 ያገኘህ ሰው በፋብሪካው ርዝመት ከ15 በላይ ሆኖበት፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ የማይለቅ ይሆናል።

ከዚያ መሪውን እስከ ግራ ጥግ፣ ቀጥሎ እስከ ቀኝ ጥግ አዙረህ በሁለቱም ለካ። ቁጥሩ ከተለወጠ ካቦው የሆነ ቦታ እየተሳበ ነው፤ በራዲያተሩና በፌሪንጉ (በፕላስቲክ ሽፋኑ) መያዣ መካከል ተቆንጥጦ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ወድቆ የሚያውቅ ከሆነ በተለይ ይህን አትዝለል። በኢንጂኑ በኩል ያለውን የካቦውን ጫፍም እይ፦ ሊቨሩን ስትለቀው እዚያ ያለው ክንድ ወዲያው፣ ሳይጎተት ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ቀስ እያለ የሚመለስ ከሆነ ካቦው ውስጡ ደርቋል ወይም ክሩ መበጣጠስ ጀምሯል፤ ካቦ ርካሽ ነው፣ ቀይረው።

ባዶ ጉዞውን አንዴ ካስተካከልክ በኋላ ማስተካከያው ላይ በቀለም ምልክት አድርግና ከሰዓት እጅህን ከሱ ላይ አንሳ። ሲሞቅ ከላላ መልእክቱን ተቀበል፣ ሞተሩን አውጣውና አቀዝቅዘው፤ ቀዝቅዞ ምን ያህል እንደተመለሰ ለክተህ ጻፍ። ይህ ማስታወሻ በኋላ ከምትገዛው ዕቃ ሁሉ ይጠቅምሃል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሚንሸራተተው በእርግጥ ፍሪሲዮኑ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። አርፒኤም ያለ ፍጥነት የሚወጣው በሌላም ምክንያት ነው። ካምቢዮው ከማርሽ ከወጣ አርፒኤሙ ድንገት ይዘላል፣ ሲመለስም የሚሰማ ምት አለው። የፍሪሲዮን መንሸራተት ግን ለስላሳ ነው፤ ጋዙን ትንሽ ስትመልስ ዝም ብሎ ይያዛል። የኋላ ጎማ ሲሽከረከርም አርፒኤሙ ይወጣል፤ ያ የሚሆነው ግን ኩርባ ስትወጣ፣ ገና ተጋድመህ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ነው፤ ወንበሩም ከሥርህ ሲንቀሳቀስ ይታወቅሃል። አንተ ያልከው ቀጥ ብለህ በ4ኛ ማርሽ ስለሆነ ጎማውን አልጠረጥርም።

ግምቱን ወደ ቁጥር መለወጥ ትችላለህ። ሞተሩ ላይ ጂፒኤስ ያለው ዳታ መዝጋቢ ካለ አርፒኤሙን ለፍጥነቱ አካፍለው። ለአር6ህ ሒሳቡን ልሥራልህ፤ የፋብሪካው የሰንሰለት ጥርስ እንዳለ ነው ብለን እንነሳ፣ ከፊት 16 ከኋላ 45። ከክራንኩ ወደ ባስኬቱ 85 ለ41 ነው፣ 4ኛ ማርሽ 26 ለ18። ሁሉም ሲባዛ የኋላ ጎማ አንዴ እንዲዞር ክራንኩ 8.42 ጊዜ ይዞራል። የ180/55 ጎማ ዙሪያ 1.98 ሜትር ያህል ስለሆነ 12,000 ላይ በሰዓት 169 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለብህ። 12,000ን ለ169 ስታካፍል 71 ይመጣል። 4ኛ ማርሽ ላይ እስካለህ ድረስ፣ 8,000 ላይም ይሁን 14,000 ላይ፣ ያ ቁጥር 71 አካባቢ ነው። በ3ኛ 82፣ በ5ኛ 63 ይሆናል። አንተ እንዳልከው 11,000 ላይ ወደ 155 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ፍጥነቱ እዚያው ቆሞ አርፒኤሙ 12,500 ከደረሰ ቁጥሩ ከ80 ያልፋል። ይህን ያህል ልዩነት ከፍሪሲዮን በቀር ማንም አያመጣውም።

ጥርሱን ቀይረህ ወይም 180/60 ጎማ ገጥመህ ከሆነ፣ ወይም በማይል የምታነብ ከሆነ፣ የእኔ ቁጥሮች ከአንተው ጋር አይገጥሙም። ችግር የለውም። የምትፈልገው ቁጥሩን ራሱን ሳይሆን በአንድ ማርሽ ውስጥ አለመለወጡን ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ያገኘኸውን ያዝና ከሰዓቱ ጋር አስተያይ። የምታነበውም ሞተሩ ቀጥ ባለበት ቦታ ብቻ ይሁን፤ ስትጋደም ጎማው የሚረግጥበት ዙሪያ ስለሚያንስ ቁጥሩ ያለ ምንም ብልሽት ይወጣል። ከ2017 ወዲህ ያሉት አር6ዎች የየጎማውን ፍጥነት የሚለካ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን) ስላላቸው የኋላ ጎማውን ፍጥነት ራሱን ማንበብ ይቻላል፤ በዚያ ከሆነ ጎማ ቢሽከረከርም ቁጥሩ አይነቃነቅም፣ የሚያነቃንቀው ፍሪሲዮን ብቻ ነው።

ለምን ግን በ4ኛ? በ1ኛና በ2ኛ ማርሽም ያው ኢንጂን ነው፣ ያው ጉልበት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በዝቅተኛ ማርሽ አርፒኤሙ ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣ ከኢንጂኑ ጉልበት ከፊሉ የራሱን ክራንክና ባስኬት በማፍጠን ያልቃል፣ እሽጉን አልፎ ወደ ካምቢዮው የሚደርሰው ያንሳል። በ4ኛና ከዚያ በላይ አርፒኤሙ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ጉልበቱ ሙሉ ለሙሉ ማለት ይቻላል በፍሪሲዮኑ ውስጥ ያልፋል፣ የሚያልፍበትም ሰዓት ረጅም ነው። የአር6 ከፍተኛ ቶርክ (የማዞር ጉልበት) የሚገኘው ደግሞ ከ10,000 በላይ ነው። አንተ 11,000 ላይ መጀመሩን ስትነግረኝ ነገሩ ሁሉ ገጠመልኝ። የሰሚት ፖይንት ዋና ትራክ 2 ማይል ሲሆን ከ10ኛው ኩርባ ወጥተህ የምትገባበት ቀጥታ ወደ 900 ሜትር ይጠጋል፤ ደካማ ፍሪሲዮን እዚያ ላይ መደበቂያ የለውም። ቤትህ አካባቢ መንገድ ላይ ፈትነህ «ደህና ነው» ብትል ትርጉም የለውም። ሞተሩን ግድግዳ አስደግፎ ማርሽ አስገብቶ መፈተንን የሚመክሩ አሉ፤ አታድርገው፣ ሰውም ፍሪሲዮንም ይጎዳል።

ስለ ዘይት ባጭሩ። ጠርሙሱን ገልብጠህ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (JASO MA፣ MA2) የሚል ምልክት ፈልግ። ይህ የጃፓን መለኪያ ከ1998 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን ላለው ሞተር የሚሆነውን ከማይሆነው ይለያል። ኤምኤ2 ከፍተኛ ሰበቃ ያለው ነው፣ ለአንተ እሱን እመርጣለሁ። ኤምቢ የሚለው ለስኩተር ነው። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ የተሠራ የመኪና ዘይት ሰበቃ የሚቀንስ ነገር ስለሚገባበት ለኢንጂኑ ጥሩ ሆኖ ሸራውን ያሙለጨልጨዋል። አንዴ እንኳ እንዲህ ያለ ዘይት ጨምረህበት ከነበረ ዘይት መቀየር ብቻ ላይበቃ ይችላል፣ ሸራው መጥጦታል። ደረጃውንም ሞተሩን ቀጥ አድርገህ እይ፤ በመቆሚያው ላይ ተጋድሞ የታየ ዘይት ያሳስታል።

ባዶ ጉዞው ቀዝቃዛ ሳለ ትክክል ሆኖ፣ ዘይቱም ትክክል ሆኖ፣ ቁጥሩ አሁንም ከወጣ መክፈት አለብህ። እንደ እውነቱ ከሆነ አንተ ከአሁኑ ክፈተው፤ በተደጋጋሚ የተቃጠለ ፍሪሲዮን በማስተካከል ብቻ አይድንም። ያልተነካ የመንገድ ሞተር ቢሆን በመቆሚያው ወደ ግራ አጋድመህ የቀኙን ክዳን ዘይት ሳታፈስ ልትከፍት ትችል ነበር። የትራክ ሞተር ብዙውን ጊዜ መቆሚያው ተነቅሏል፤ ስለዚህ ዘይቱን አፍስስ፣ ለማንኛውም መቀየሩ አይቀርም። ሲፈስ አሽትተው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም፤ ዘይቱም ከወትሮው ጠቁሮ፣ በጣትህ መካከል ስታሸው ደቃቅ ነገር ይሰማሃል። እንደዚያ ከሆነ ፊልትሩንም ቀይር።

ዲስኮቹን ስታወጣ በወጡበት ቅደም ተከተልና አቅጣጫ ጠረጴዛ ላይ ደርድር፣ ፎቶም አንሳ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ሸራውን ነው የሚያየው። እኔ ብረቱን አስቀድማለሁ። ጤናማ ብረት ዲስክ ፊቱ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው። እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በመንሸራተት ተወልውሏል፣ አዲስ ሸራም አይይዘውም። ሰማያዊ ነጠብጣብ ወይም ቀለበት ካየህበት ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደርሶ ነበር ማለት ነው፤ ብረት ወደዚያ ቀለም የሚሄደው በዚያ ሙቀት ነው። ቀለሙ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ዲስኩ ተቆልምሞ በዚያ ጎኑ ብቻ ሲፈጭ ነበር። ከዚያ እያንዳንዱን ጠፍጣፋ ወፍራም መስታወት ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ሞክር። ያማሃ የሚፈቅደው ቁልምመት 0.1 ሚሊሜትር ነው። 0.1ዷ ገባች ማለት ዲስኩ አበቃለት። ሰማያዊውንም ጠፍጣፋ ቢሆን እንኳ አልመልሰውም፤ በሚቀጥለው ሙቀት ይቆለመማልና።

አምና ሸራውን «በሙሉ ቀይሬያለሁ» ብለሃል፤ ብረቶቹን ግን አላነሳህም። የቀሩት አሮጌዎቹ ከሆኑ አዲሱን ሸራ የተወለወለ ብረት ላይ ነው ያስቀመጥከው። የትራክ ፍሪሲዮን ላይ ሁለቱን አብሮ መቀየር እንጂ ግማሹን መቀየር አይደገፍም፤ የብረቶቹ ዋጋ የአንድ ቀን የትራክ ክፍያ እንኳ ላይደርስ ይችላል።

ሸራውን በካሊፐር ለካው፣ በአንድ ዲስክ ላይ አራት ቦታ። አዲሱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ያማሃ ለአር6 የሚሰጠው መጨረሻ 2.8 ነው። ልብ በል፣ በአዲስና በሞተ መካከል ያለው ልዩነት 0.2 ነው፤ በዓይን አይታይም። ውፍረቱ ደህና ሆኖ ሸራው ጠቁሮ፣ ጠንክሮ፣ ጥፍርህን የማይቀበል ከሆነም አልቋል። አምና ያስገባኸው ርካሽ ኪት ከነበረ የውፍረቱ ድምር ራሱ ከፋብሪካው ሊለይ ይችላል። ይህ ፍሪሲዮን ስሊፐር (ማርሽ ሲቀነስ በራሱ በከፊል የሚለቅ) ስለሆነ የእሽጉ ጠቅላላ ውፍረት ወሳኝ ነው፤ ያማሃ ራሱ የተለያየ ውፍረት ያላቸው ብረቶች የሚያዘጋጀው ድምሩን ለማስተካከል ነው። የያማሃ የጥገና መጽሐፍ የሚሰጠውን ልክ አግኝና ለካ፣ በስሜት አትግጠም።

ከእሽጉ ሥር ሾጣጣ የሆነ ቀጭን የሞላ ቀለበትና መቀመጫው አለ። እዚያ ላይ የሚገባው ሸራ ዲስክ ከሌሎቹ የተለየ ነው፣ የውስጥ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ተራውን ዲስክ እዚያ ያስገባ ሰው እሽጉ ቀለበቱ ላይ ተደግፎ በደንብ አይጫንም፤ ፍሪሲዮኑም በመጀመሪያው ቀን ይንሸራተታል። አምና ማን እንደገጠመው አላውቅም፣ ግን ስትከፍት ይህን በተለይ እይልኝ።

ባስኬቱን በጣትህ ዳብስ። የሸራዎቹ ጥርስ ጣቶቹ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ከሆነ ዲስኮቹ ሲለቀቁ እዚያ ይሰካሉ። ይህ የሚያመጣው በአብዛኛው አለመልቀቅና መንገጫገጭ ነው እንጂ መንሸራተት አይደለም። ለጥፍር ብቻ የሚሰማ ከሆነ በጥሩ ሞረድ ማስተካከል ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ባስኬቱ ይቀየር፣ ምክንያቱም በሞረድክ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል። የውስጥ ከበሮውንም እንዲሁ።

አሁን ወደ ሞላው። የምትለካው ርዝመቱን ነው፣ ነጻ ሆኖ፣ ከመጽሐፉ ልክ ጋር። በተደጋጋሚ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ውስጥ የኖረ ሞላ ያጥራል፣ ካጠረ አይጫንም። አንዱ ካጠረ ሁሉንም ቀይር፣ በፋብሪካው። ጠንካራ ሞላ ግዛ ያሉህ ሰዎች ለክፋት አይደለም፤ ብዙ ሰው ላይ ሠርቶ አይተዋል። የሚሠራው ግን የተወለወለውን ብረትና የተወጠረውን ካቦ በጉልበት ስለሚሸፍን ነው። በአንተ ሞተር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ስሊፐር ፍሪሲዮን ማርሽ ስትቀንስና የኋላ ጎማ ኢንጂኑን ወደ ኋላ ሲያዞረው በተንጋደዱት ፊቶቹ ላይ ተንሸራቶ መጫኛ ሰሌዳውን ያነሳል፤ ጎማው እንዳይዘል የሚያደርገው ይህ ነው። ሞላውን ስታጠነክር ይህንንም ታዘገየዋለህ። ረጅሙን ቀጥታ ጨርሰህ ለ1ኛው ኩርባ ማርሽ በማርሽ ላይ ስትቀንስ የኋላው መዝለል ከጀመረ ምክንያቱን ፍሬንና ሾክ ላይ ስትፈልግ ትከርማለህ። ግራ እጅህም ይደክማል፣ የደከመ እጅ ደግሞ ሊቨሩን በደንብ አይለቅም።

ስትገጥም አዲሶቹን ሸራዎች ማታ በሞተር ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈህ አሳድራቸው። ደረቅ የገባ ሸራ ገና ከፒት ስትወጣ ይቃጠላል። የሞላዎቹን ቡሎኖች በየተራ፣ በተቃራኒ በተቃራኒው፣ ጥቂት ጥቂት እያልክ አጥብቅ፤ መጽሐፉ የሚሰጠው ኃይል ትንሽ ነው፣ ቡሎኑ የሚገባበትም አልሙኒየም ስለሆነ በረጅም ቁልፍ ከተጫንከው ይላጣል። የክዳኑን ጓርኒሲዮን አዲስ አድርግ። ከዚያ ካቦውን እንደገና ከዜሮ አስተካክል፣ አዲስ እሽግ ስለሚወፍር ያለፈው ልክ አይሠራም። በመጀመሪያው መውጫህ የመነሻ ልምምድ አታድርግ፤ ለስላሳ አነዳድ ይበቃዋል። ካቆምክና ከቀዘቀዘ በኋላ ባዶ ጉዞውን ድጋሚ ለካው፣ አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይቀመጣል።

የእጅ ልማድም አለ። ብዙ ጎበዝ ነጂ ሳያውቀው ሁለት ጣቱን ሊቨሩ ላይ አሳርፎ ነው ቀጥታውን የሚጨርሰው። በ200 ኪሎ ሜትር ነፋሱ ክንድህን ሲገፋው የጣት ክብደት ብቻ ባዶ ጉዞውን ያጠፋዋል። ካሜራ ካለህ አንዴ ወደ ግራ እጅህ አዙረውና እይ።

ይህን ሁሉ አድርገህ፣ ብረትም ሸራም አዲስ ሆኖ፣ የእሽጉ ድምር በልኩ፣ ባዶ ጉዞው 15፣ ዘይቱ ኤምኤ2 ሆኖ፣ በ4ኛ ማርሽ ቁጥሩ ከሰዓት አሁንም ከ71 ወጥቶ 75 ከደረሰ የስሊፐሩን የተንጋደዱ ፊቶች እይ። ተበልተው ወይም ተጎድጉደው ከሆነ ሰሌዳው ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ያኔ የሚቀየረው ሞላው ሳይሆን የውስጥ ከበሮውና መጫኛ ሰሌዳው ነው። እነሱም ንጹህ ከሆኑና ኢንጂኑ ከፋብሪካው የበለጠ ጉልበት እንዲሰጥ ከተሠራ ብቻ ስለ ጠንካራ ሞላ እንነጋገራለን፤ ያኔ የለካሃቸውን ቁጥሮች፣ የብረቶቹንም ፎቶ በሁለቱም ፊት አንስተህ ላክልኝ።